እሷን የጠየቃት አለ?

ሴት አትሌቶቻችን በቴሌቪዥን በሮጡ ቁጥር ከውጤቱ እኩል፣ አንዳንዴም ከውጤቱ ቀድሞ የሚመጣ ክርክር አለ። የልብሳቸው ክርክር ነው። አንዱ «ይህ ምን የሚሉት አለባበስ ነው? ባህላችን የት ደረሰ?» ብሎ ይቆጣል። ሌላው ሩጫውን ትቶ ስለ እግሯ፣ ስለ ዳሌዋ፣ ስለ መልኳ አፉ እንዳመጣለት ይጽፋል። የመጀመሪያው ተቆርቋሪ፣ ሁለተኛው ባለጌ ተደርገው ነው የሚታዩት። እኔ ግን ኮሜንቱን ለዓመታት ሳነብ ሁለቱን የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ነው ያገኘኋቸው። ሁለቱም ስንተኛ እንደወጣች አላዩም። ሁለቱም ያዩት ሰውነቷን ነው። ሁለቱም እሷን አልጠየቋትም።

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ስለ ራሴ በአጭሩ ልበል። ተወልጄ ያደግሁት ዳባት ነው፤ አሁን ደባርቅ አካባቢ ስፖርት አስተምራለሁ። በመንግሥት ወረቀት ላይ «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» የሚባለውን ማለቴ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእሷ በላይ የሰሜን ተራሮች አሉ፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። የዚህ አገር ልጆች ሩጫ የሚጀምሩት ሜዳ ላይ አይደለም፤ ትምህርት ቤት እንዳይረፍድባቸው ዳገቱን ሲወጡ ነው። ሴቶቹ ደግሞ ከዚያ በፊት ውኃ ቀድተው፣ እሳት አንድደው፣ ቤት ጠርገው ነው የሚመጡት። ስለዚህ «ጠንካራ ሴት ልጅ ከየት ይገኛል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ አሠልጣኝ መልሴ ቀላል ነው፦ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ቁም።

«ፌሚኒስት» የሚለው ቃል በእኛ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሚነገረው ለስድብ ነው። ባሏን የፈታች፣ ወንድ የምትጠላ፣ ፈረንጅ ያበላሻት ማለት ነው። ለቃሉ አልሟገትም። ሴታዊነት በሉት፣ ፌሚኒዝም በሉት፣ ከፈለጋችሁም ስም አትስጡት። የምሟገተው ለነገሩ ነው።

ነገሩም ይህ ነው። ሴትን ዕቃ ማድረግ ስንል ምን ማለታችን ነው? ዕቃ አይጠየቅም። ማሰሮ የት ልቀመጥ ብሎ አያውቅም። ዕቃ ይታያል፣ ይመዘናል፣ ይሸጣል፣ ይሸፈናል፣ ይቆለፍበታል። ሸፍኖ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠውም ሰው፣ አውጥቶ ገበያ ላይ ያሰጣውም ሰው ዕቃነቱን አልቀየሩለትም። ስለዚህ የልብስ ማጠርና መርዘም የክርክሩ ልብ አይደለም። እኔ ስለ አንድ ፎቶ፣ ስለ አንድ ክሊፕ፣ ስለ አንድ የስፖርት ደንብ ስሰማ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ማን ወሰነ? ጥቅሙ ለማን ሄደ? ስሟስ አለበት?

ከሁለት ዓመት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። ስምም ቦታም አልጠራም፤ ልጅቷ ትንሽ ናት። ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቤቶች በሚወዳደሩበት ቀን በሁለት ክፍል የሚበልጧትን ቀድማ አንደኛ ወጣች። የለበሰችው ከጉልበቷ ከፍ ያለ ታይትና ሰፊ ማሊያ ነበር። ታይቱን የመረጠችው ራሷ ናት፤ ቀሚስ እግሯን ይይዛታል፣ ሰፊ ቁምጣ ደግሞ የእኛን አገር ንፋስ አይችልም። የሜዳው ዳር ስልክ በያዙ ወጣቶች ተሞልቶ ነበር። ማታ ላይ አንድ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ወጣ። ስሎው ሞሽን ተደርጎ፣ ዘፈን ተለጥፎበት፣ ከወገብ በታች ብቻ ተቆርጦ። ፊቷ የለበትም። አንደኛ መውጣቷም የለበትም። ፊቷ ባይታይም ማሊያዋን ግን አገር ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ልምምድ ላይ አልመጣችም። ቤቷ ሄድሁ። አባቷ ገበሬ ናቸው፤ ወንበር አውጥተው አስቀመጡኝ። «ልጅዎ እኮ ያጠፋችው ነገር የለም፤ አንደኛ ነው የወጣች» አልኳቸው።

«እሱን አውቃለሁ መምህርት» አሉኝ። «ሩጫም አልጠላሁም። ግን ገበያ ስወጣ ሰው ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ‹ይቺ ያንተ ልጅ አይደለችም ወይ?› ሲለኝ ምን ልመልስ? የሰውን ሁሉ ስልክ ልቀማ አልችል። መከልከል የምችለው የራሴን ልጅ ብቻ ነው።»

እኒህን ሰው ኋላ ቀር ብሎ መስደብ ቀላል ነው። እኔ ግን አልሰድባቸውም። ሰውየው የቻሉትን ነው ያደረጉት። ቀራጩን የሚጠይቅ፣ ቪዲዮውን የሚያስወርድ፣ «ይህ ነውር ነው» የሚል አካል አልነበረም። ስለዚህ ቅጣቱ በተበደለችው ላይ ወደቀ። የቀረጸው ልጅ ዛሬም ይቀርጻል፤ የሮጠችው ልጅ ግን ቆመች።

ስወጣ እሷን ለብቻዋ ጠየቅኋት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኋት። ጎንበስ ብላ ቆይታ፣ «ቲቸር፣ በረጅም ሱሪም ቢሆን እሮጣለሁ። በቀሚስም ቢሆን እሮጣለሁ። እሱ ቪዲዮ ብቻ ይጥፋልኝ» አለችኝ።

እስቲ ይህን ልብ በሉት። ትልልቆቹ ስለ ጨርቁ ይጨቃጨቃሉ፤ ልጅቷ የምትናገረው ስለ ካሜራው ነው። ብትጠየቅ ኖሮ ክርክሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር።

ይህ የእኛ የተራራ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የኖርዌይ ሴቶች የባሕር ዳርቻ እጅ ኳስ ቡድን በአውሮፓ ሻምፒዮና ላይ ከቢኪኒ ይልቅ ቁምጣ ለብሶ በመጫወቱ 1,500 ዩሮ ተቀጥቷል። ጥፋታቸው ብዙ መልበሳቸው ነበር። ወንዶቹ በሰፊ ማሊያና በቁምጣ ነው የሚጫወቱት፤ ኳሱም አሸዋውም አንድ ነው። ከጩኸቱ በኋላ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንቡን ለመቀየር ተገደደ። በዚያው ሐምሌ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የጀርመን ጂምናስቲክ ሴቶች ሙሉ እግር የሚሸፍን ልብስ ለብሰው ቀረቡ፤ እነሱን እንኳ ደንቡ ይፈቅድላቸው ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ በፓሪስ ኦሊምፒክ አዘጋጇ ፈረንሳይ የራሷን ሴት አትሌቶች ሂጃብ እንዳይለብሱ ከለከለች። አንዷ ብዙ ለበሰች ተብላ ትቀጣለች፤ ሌላዋ ፀጉሯን ሸፈነች ተብላ ትከለከላለች። ጨርቁ ይለያያል። የሚወስነው ሰው ግን በሁለቱም ቦታ እሷ አይደለችም።

በዚያው ፓሪስ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. የተካሄደውን የሴቶች ማራቶን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን 2:22:55 ገብታ አሸነፈች፤ የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ በ3 ሰከንድ ልዩነት ሁለተኛ ሆነች። ሲፋን የሮጠችው እንደ ሌሎቹ አትሌቶች ለብሳ ነው። ሜዳሊያዋን ስትቀበል ግን ሂጃብ ለብሳ ነበር። በሁለቱም ተወቅሳለች፤ አንዱ ለምን ለበሰች ይላል፣ ሌላው ለምን ሳትለብስ ሮጠች ይላል። ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የሆነውን ትግል ያነሳው ሰው ከዚህ ያነሰ ነበር። እኔ የሲፋንን እምነት ልመዝን አልተቀመጥሁም። ያየሁት አንድ ነገር ነው፦ ሴትዮዋ ሁለቱንም ራሷ መርጣለች። ያናደደንም ይኸው ይመስለኛል።

ስለ ትዕግሥት ካነሳሁ አይቀር ሌላም ልጨምር። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን 2:11:53 ሮጣ የወቅቱን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ቀነሰችው። ከሳምንት በፊት፣ መስከረም 6፣ ጉዳፍ ፀጋይ አሜሪካ ዩጂን ላይ 5,000 ሜትርን 14:00.21 ሮጣ ሌላ ክብረ ወሰን ሰብራ ነበር። በአንድ ሳምንት ሁለት የኢትዮጵያ ሴቶች፣ ሁለት የዓለም ክብረ ወሰን። የውጭ ጋዜጦችን የትዕግሥት ዘገባ ስታነቡ ግን ብዙዎቹ ያተኮሩት በጫማው ላይ ነው። አዲዳስ ያወጣው፣ 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ፣ ለአንድ ማራቶን የተሠራ ጫማ። ከዚያ ቀደም የ800 ሜትር ሯጭ የነበረች ሴት እንዴት ማራቶን ላይ እዚህ ደረሰች የሚለው ታሪክ ከጫማው ሥር ቀረ። ጫማው ረድቷል፤ አልክድም። ስሟ ግን የጫማው መግለጫ ሆኖ ሲነበብ፣ እግሯ ማስታወቂያ የሚሰቀልበት ግድግዳ ሲሆን፣ ይህም ዕቃ ማድረግ ነው። ባለጌ ቃል ስላልተነገረበት ብቻ አናየውም።

ወደ ጥበቡ ልሂድ፤ እዚያ ያለው ነገር ከስፖርቱ ይብሳል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ስንት ካሜራ እንደገባበት እግዜር ይቁጠረው። ጭላዳና ዋልያን ለማንሳት የመጣ ሰው መንገድ ላይ እንጨት የተሸከመች ሴት ካገኘ አይምርም። ጎንበስ ያለ ጀርባ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ከኋላ ገደል። ፎቶው ውጭ አገር ሄዶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ መጽሔት ይወጣል፤ ይሸለማል። ከሥሩ የሚጻፈው «እንጨት የተሸከመች ሴት፣ ሰሜን ኢትዮጵያ» ነው። ጭላዳው እንኳ በሳይንሳዊ ስሙ ይጠራል። አንዲት የማውቃቸው እናት ስለዚህ ስናወራ፣ «ልጄ፣ ሸክሙን አወርድና ልብሴን አስተካክዬ ልቁም ስል እኮ አይሆንም ይሉኛል፤ ሸክሙን ነው የሚፈልጉት» ብለውኛል። እሳቸው ፎቶ መነሳት አልጠሉም። እንደ ሰው መነሳት ነው የፈለጉት።

ይህ ሥራ በሌላ መንገድ ሊሠራ እንደሚችል ያሳየችን የራሳችን ሰው ናት። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዎተር ኤይድ በሠራችው ሥራ ላይ ያነሳችው ያንኑ የውኃና የሴት ጉዳይ ነው። ቦታው አፋር፣ ዳሎል ነው። ግን ያቺን የተለመደች ምስኪን ተሸካሚ አታገኙባትም። ሴቶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ሁሉ ነገር ታስቦበት የተሠራ ድርሰት መሆኑን አይደብቅም። ችግሩን አልሸፈነችም፤ የሴቶቹን ክብርም ለችግሩ ማሳያ ብላ አልሸጠችም። ካሜራ ሁሉ ዕቃ አያደርግም። የያዘው ሰው ነው የሚወስነው።

ከጎንደር ወደ እኛ ሲመጣ ገና ከከተማው እንደተወጣ ወለቃ አለ። የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ ትንንሽ ምስሎችን እየሠሩ ለጎብኚ ይሸጡ ነበር፤ አንበሳውን፣ ባለ ስድስት ማዕዘኑን ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን። ብዙዎቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ሙያውን ጎረቤቶቻቸው ቀጥለውበታል። እነዚያ ምስሎች ዛሬ በየዓለሙ ሳሎን ተቀምጠዋል። የሚጠሩት ሠሪዎቹ ራሳቸው በማይወዱት ስም «የፈላሻ ሥራ» ተብለው ነው። የእያንዳንዷ ሠሪ ስም ግን የለም። አገሬውም ቢሆን በሠሩት ማሰሮ ወጥ እየሠራ ሠሪዎቹን «ቡዳ» ብሎ ሲሸሽ ኖሯል። እጇ ይፈለጋል፣ እሷ አትፈለግም። ይህ የሆነው ቲክቶክ ሳይፈጠር፣ ፈረንጅ ሳያስተምረን ነው።

የዘፈን ክሊፑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከኋላ ተራራው፣ ከፊት የጎንደር ቀሚስ፣ እስክስታ። እስክስታን አፌን ሞልቼ አመሰግናለሁ፤ ትከሻ እንዲህ የሚናገርበት ሌላ ጭፈራ አላውቅም። ግን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ዘፋኙ ወንድ ከሆነ ፊቱ ሙሉ ጊዜ ይታያል፤ የተወዛዋዦቹ ወገብና ደረት ለየብቻ ተቆርጦ ይገባል። ክሊፑ ሲያልቅ የካሜራ ባለሙያው ስም አለ፣ የመብራቱ አለ፣ መኪና ያዋሰው ሰው እንኳ ይመሰገናል። የተወዛዋዧ ስም በብዙዎቹ ላይ የለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የሰውን ክብርና የጾታን እኩልነት የሚነካ ማስታወቂያን ይከለክላል። ማስታወቂያ ላይ የከለከልነውን ነገር ዘፈን ላይ ስናገኘው እናጨበጭባለን።

እስካሁን ያነሳሁት ቀላሉን ነው። ከባዱ፣ ለሴት መብት ቆምሁ የሚለው ጥበብ ራሱ ሴትን ዕቃ ሲያደርግ ነው።

«ድፍረት» የተባለውን ፊልም አስታውሱ። ታሪኩ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ አበራሽ በቀለ የምትባል የ14 ዓመት ተማሪ ለጋብቻ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጥይት ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤት ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ትልቅ ጉዳይ ነበር። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. ሰንዳንስና በርሊን ላይ የተመልካች ሽልማት አገኘ፤ አንጀሊና ጆሊ ስሟን ሰጠችው። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካቹ ተቀምጦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ መጣ። ያሳገደችው ጠላፊ አይደለም፤ የባህል ተቆርቋሪም አይደለም። በአበራሽ በቀለ ስም የቀረበ አቤቱታ ነበር። ታሪኬ ያለ እኔ ፈቃድ ተወሰደ ነው ነገሩ። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በእውነተኛ ስማቸው አሉ፤ ልጅቷ ግን «ሂሩት» ተብላለች።

ለፊልም ሠሪዎቹ ልሟገትላቸው። ስሟን የቀየሩት ሊጠብቋት ሊሆን ይችላል። ፊልሙም ጥሩ ፊልም ነው፤ በኋላ ለሕዝብ ሲታይ ብዙ ሰው ስለ ጠለፋ እንዲያወራ አድርጓል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ጠላፊው ሳይጠይቃት ወሰዳት፤ ታሪኳም ሳትጠየቅ ተወሰደ ስትል መስማት ከባድ ነው። ሁለቱ ወንጀሎች እኩል ናቸው አላልሁም፤ በፍጹም አይደሉም። ግን «ማን ጠየቃት?» የሚለው ጥያቄ ለሁለቱም ይሠራል። አማርኛችንም ይህን ቀድሞ ያወቀ ይመስል «ድፍረት» ብሎ ጀግንነትንም መደፈርንም በአንድ ቃል ይጠራል።

«የኛ» የተባለውን የሴቶች ቡድንም ታስታውሱታላችሁ። በ2005 ዓ.ም. የጀመረው የሬዲዮ ድራማቸውና ዘፈናቸው ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻና ስለ ጥቃት ነበር፤ የእኛ ክልል ልጃገረዶች ይከታተሉት ነበር። ገንዘቡ ከእንግሊዝ መንግሥት ይመጣ ነበር። የእንግሊዝ ጋዜጦች «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» ብለው አፌዙባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ድጋፉ ተቋረጠ። ገንዘቡን ሌላ ቦታ ማዋል መብታቸው ነው። ግን ክርክሩ የተካሄደው ለንደን ነው፣ ቅጽል ስሙም የወጣው ለንደን ነው። ደባርቅ ላይ ሬዲዮ ከፍታ የምታዳምጠውን ልጅ ጠቅሞሻል ወይ ብሎ የጠየቃት የለም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ።

«ይህ የነጭ ሐሳብ ነው» ለሚሉኝ፦ ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ሂዱ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ትንሽ ሆነው፣ ወድቀው ነው የተሣሉት፤ ግን ሥዕሉ ያለው ራሳቸው ባሠሩት ቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ ማንነታቸውም አልጠፋም። ከዚያ ቀረብ ካላችሁ ደግሞ ሰሜን አለላችሁ። የእቴጌ ጣይቱ አባት ብጡል ኃይለ ማርያም ሰሜንን የገዙት የደጃዝማች ውቤ ወንድም ናቸው። ጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጠላትን ምሽግ ውኃ ያስያዙት፣ አዲስ አበባን የቆረቆሩት የዚህ ዘር ልጅ ናቸው። ሴት ትወስናለች የሚለውን ለመማር የሰሜን ሰው አውሮፓ መሄድ የለበትም።

«ሴቶቹ ራሳቸው ፈልገው ነው፤ ቲክቶክ ላይ የሚጨፍሩት ማን አስገደዳቸው?» ለሚሉኝ፦ ይህ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው። አንዳንዶቹ በእርግጥ ፈልገው ነው፤ ገንዘቡንም ራሳቸው ይወስዳሉ፤ እነሱን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም። ግን ምርጫ ማለት አለመፈለግንም ይጨምራል። «ይህን ቀረጻ አልፈልግም» ያለች ተወዛዋዥ ሥራዋን ካጣች፣ «ፎቶዬን አጥፉልኝ» ያለች ልጅ ሰሚ ካጣች፣ አዎ ማለቷ ብቻውን ምርጫ አይባልም።

«ስለዚህ ሁሉም ይሸፈን፤ ሁሉም ነገር ሰላም ይሆናል» ለሚሉኝ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። በእኛ አገር ሴትን በዓይን መመዘን በካሜራ አልተጀመረም። የ13 ዓመት ልጅ ከእግር እስከ ራሷ ተሸፍና ውኃ ስትቀዳ፣ ምንጭ ዳር ቆሞ «ደርሳለች» የሚል ዓይን ነበረ፤ አሁንም አለ። ሕጉ 18 ዓመት ይላል። ያ ዓይን ግን ሕግ አያነብም። ቀሚሷ ረጅም ነበር፤ ነጠላም ነበራት። አላዳናትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አላወራም፤ እጃችን ላይ ስላለው ብቻ ልናገር።

የትምህርት ቤት ውድድር የምታዘጋጁ መምህራን፦ ከሜዳው መስመር አጠገብ ስልክ እንዳይቆም አድርጉ። ፎቶ የሚያነሳው አንድ የታወቀ ሰው ይሁን፤ የልጆቹንና የወላጆቻቸውን ፈቃድ ይዞ ያንሳ። እኔ ባለሁበት ይህን ጀምረናል፤ አንድ ፊሽካና ሁለት አስተባባሪ እንጂ ሌላ በጀት አልጠየቀም። የልብሱን ምርጫ ለልጆቹ ስጡ፦ ታይት፣ ቁምጣ፣ ረጅም ሱሪ፣ የራስ መሸፈኛ፤ የምትፈልገውን ትልበስ። ውጤቱን በድምፅ ማጉያ ከነስማቸው ጥሩ። ልጅ ስሟ ሜዳ ላይ ሲጠራ ምን እንደምትመስል ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

አስጎብኚ ወንድሞቼና እህቶቼ፦ እንግዳው ካሜራውን ሲያወጣ ቀድማችሁ ሴትዮዋን ጠይቁለት። ስሟን ንገሩት፤ ይጻፈው። ከፈቀደች ይክፈላት፤ ካልፈቀደች ዋልያውን ያንሳ።

ክሊፕ የምትሠሩ፦ የተወዛዋዦቹን ስም ጻፉ። አምስት ሰከንድ ነው የሚወስደው። ስም የተጻፈላት ሴት በሚቀጥለው ሥራ ዋጋዋን መደራደር ትችላለች፤ ስም የሌላት ግን ሁሌም «ከኋላ የነበረችው» ናት።

እናንተ አንባቢዎቼ ደግሞ፦ ከወገብ በታች የተቆረጠ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ ለጓደኛ አትላኩ። ዝም ማለትም አይበቃም፤ የላከላችሁን ሰው «ይቺ የማን ልጅ ናት? ፈቅዳለች?» ብላችሁ ጠይቁት። ባልጠበቀው ቦታ ሲጠየቅ ያፍራል። ነውር የሚለው ቃላችን ለሴቷ ብቻ ሆኖ ኖሯል፤ ለቀራጩም ይዋል።

በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትርን አሸንፋ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ስትሆን እኔ ገና አልተወለድሁም። እናቴ ግን ያን ቀን ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ላይ ሰምታዋለች። ምን እንደለበሰች አላየችም። መልኳንም አላወቀችም። የሰማችው ስሟንና ማሸነፏን ነው። እስከ ዛሬም ስትተርክልኝ የምትነግረኝ እነዚያን ሁለቱን ነው። ለተማሪዎቼ የምመኘው ከዚህ የበለጠ አይደለም።

የምትጨምሩት ካለ፣ በተለይ እህቶች፣ ከታች ጻፉልኝ። በስማችሁ ጻፉ።